ጀርባውን ለጣቢያው የሰጠ አንቴና

ሱቄን ከዘጋሁ ወዲህም ሰው አልተወኝም። ደብረ ታቦር ገበያ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ስሄድ ያስቆሙኛል። «ዘሐራ፣ ለቤት የሚሆን ጥሩ ሬዲዮ የትኛው ነው?» ይላሉ። «ቤትህ የት ነው?» ስል ይስቁብኛል። የሬዲዮ ነገር ብትጠየቅ አድራሻ ትጠይቃለች፣ አረጀች ማለት ነው! ከዚያ ሄደው ፊቱ ላይ ብዙ መብራት የሚያበራውን፣ ፍላሽ የሚቀበለውን፣ ጎረቤት የሚያስነሳውን ይገዛሉ። ቤት ወስደው ሲከፍቱት ይንሿሿል። ያን ጊዜ እንደገና እኔ ዘንድ ይመጣሉ።

እንግዲህ እዚህ ጽፌው ልገላገል። ኤፍ ኤም ከማሰራጫው ተነሥቶ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ የሚጓዝ ነገር ነው። ፊቱ ተራራ ከቆመ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። የደቡብ ጎንደር አገር ደግሞ ተራራና ሸለቆ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ቤቱ ነው፤ ጣቢያው በየት በኩል ነው፣ መካከል ላይ ምን ቆሟል። ቀጥሎ አንቴናው ይታሰባል። ሬዲዮው በመጨረሻ ነው የሚመጣው። እሱንም ስትገዙ ፊቱን ትታችሁ ጀርባውን አዙሩት። የውጭ አንቴና የሚሰካበት ቀዳዳ ከሌለው ለባለሱቁ መልሱለት። ካለው ደግሞ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጣቢያዎችን ሳይቀላቅል ይለይ እንደሆነ አዳምጡ፤ ሲሞቅ ከጣቢያው ሸርተት የሚል ከሆነም አትግዙት። አንቴናውን ከቆርቆሮ በላይ አውጡ። ገመዱን በየቦታው እየቀጠላችሁ በናስትሮ አትጠቅልሉት። ነጎድጓድ ሲጀምር ንቀሉት።

ይህን ስናገር ዕድሜዬ አለቀ። የሰማኝ ጥቂት ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ መኮንን ናቸው። ጦር ሠራዊት ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው ደብረ ታቦር ላይ ጠባብ ሱቅ ከፍተው ነበር። እኔን የቀጠሩኝ የባትሪ ድንጋይ እንድሸጥላቸው ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበርና እጄ መርፌና ክር ለምዷል። አንድ ቀን የተበጠሰች ቀጭን ሽቦ መልሰው መበየድ አቅቷቸው ሲበሳጩ አይቼ «ልሞክራት?» አልኳቸው። ሠራኋት። ከዚያ በኋላ ባትሪ የሚሸጥ ሌላ ሰው ፈለጉ።

ጋሽ መኮንን ጣራ ላይ ሲወጡ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ነበር። ቆርቆሮውን ላለመጉዳት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እግራቸው የሚስማሩን መስመር እንዲያገኝና እንጨቱ ላይ ብቻ እንዲረግጡ ነው። አንቴናውን አንድ ጣት ያህል ያዞሩና እጃቸውን አንሥተው ይርቃሉ። ይጠብቃሉ። እንደገና አንድ ጣት ያዞራሉ። እኔ እንጨቱን እንደያዝኩ «አሁን ጥሩ ነው!» ስል ይቆጡኝ ነበር።

«እጅሽን አንሺ! አንቺ ራስሽ እኮ አንቴና ነሽ። አንቺ ስትወርጂ ጣቢያውም አብሮሽ ይወርዳል።»

ድምፅ ሲገባ ደግሞ ወዲያው ደስ አይላቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ቃሉን ሁሉም ሰው ይሰማዋል፤ እሳቸው የሚፈልጉት በቃልና በቃል መካከል ያለውን ነው። የተናጋሪው ትንፋሽ ካልተሰማቸው ለባለቤቱ «ገብቷል» አይሉም፤ ቀኑን ሙሉ ጣራ ላይ ቢውሉም።

መካከል ላይ በአንድ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የትምህርት ቤት ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ደመወዙ ከወር ወር ያደርሳል፣ ከዚያ በላይ የሚወራለት አይደለም። አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ ግን «ሴት ልጅ ጣራ ላይ ስትወጣ ተማሪ ምን ይላል?» ብሎ ከመሬት ሆኜ እንዳዝ ወሰነ። ሱሪ ከቀሚሴ ሥር ለብሼ፣ ሻርፔን አጥብቄ አስሬ እንደምወጣ ብነግረው አልሰማኝም። የማዘው ሰው ግን አልተቀጠረልኝም። በዚያ ላይ አዲስ የተገዙት ሬዲዮኖች የአንቴና ቀዳዳ የሌላቸው ሆኑ። እኔ ሳልጠየቅ ተገዝተው፣ አልሰማ ሲሉ የተጠየቅኩት እኔ ነኝ። አንበሳሜ አካባቢ ያለ አንድ ርዕሰ መምህር ከካርቶኑ ሳያወጣ ዕቃ ቤት ቆልፎባቸው አገኘሁ። «ልጆቹን ፊቱ አስቀምጬ ምን ላሰማቸው? ሹሹታ?» አለኝ። እውነቱን ነው። መልቀቂያዬን አስገብቼ ወደ ጋሽ መኮንን ተመለስኩ። ዓይናቸው እየደከመ ነበርና ሱቁን ለእኔ ለቀቁልኝ። እሳቸው በር ላይ ወንበር አውጥተው እየተቀመጡ የምሠራውን በጆሯቸው ይከታተላሉ።

አያ አስማረ የመጡት በዚያ ጊዜ ነው። ከገሳይ ወረድ ብሎ ባለ ሸለቆ ውስጥ ገብስና ስንዴ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ጋቢያቸው ሥር ካርቶን ይዘዋል። ከውስጡ ጠፍጣፋ ጥቁር ነገር አወጡ፤ ጎኑ ላይ ሰማያዊ መብራት አለው።

«ይህን አስተካክለሽ ስጪኝ፣ ዘሐራ። እኔ አገጣጠሙን ሳላውቅበት ቀርቼ ነው መሰል ዝም አለኝ።»

ዕቃውን አውቀዋለሁ። ፊት ለፊቴ ያለው ባለሱቅ ነበር የሚሸጠው። «ያለ ምሰሶ፣ ያለ ጣራ፣ ቤት ውስጥ ሆኖ ሁሉን ጣቢያ የሚስብ አንቴና» ይሉታል። በካቻቢቴ ከፈትኩት። ጣት የምታህል ሽቦ አለች፤ መጨረሻዋ ከምንም ጋር አልተያያዘም። መብራቷ የምትበራበት ባትሪ አለ። የቀረው ክብደት እንዲሰጥ የተለሰነ ሲሚንቶ ነው።

«ማን ነው ይህን ይግዙ ያለዎት?» አልኳቸው። ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ጋሽ መኮንን ከበር ላይ ዞር አሉ።

አያ አስማረ መሬት መሬት አዩ። «ልጄ ነው» አሉ። «ሙሉቀን። ባሕር ዳር ኤፍ ኤም ላይ ይናገራል። ገሳይ ሻይ ቤት ተቀምጬ በጆሮዬ ሰማሁት፤ ‹ሸለቆም ቢሆን ይሠራል› አለ። ጊደር ሸጬ ገዛሁት። እናቱ ወገቧ ተይዞ ከተኛች ወዲህ ከቤት አትወጣም። ገሳይ ገበያ የዋለ ሁሉ ‹የሙሉቀንን ድምፅ ሰማነው› እያለ ሲመጣ እሷ ብቻ አልሰማችውም። በስልክ ሲደውል ‹እንዴት ዋልሽ› ብሎ ይዘጋል። እሷ ለሰው ሲናገር ነው መስማት የምትፈልገው።»

«እናቱስ ልጃቸው እንዳስተዋወቀው ያውቃሉ?»

«አልነገርኳትም። ካልሠራ በሱ ታዝናለች። በእኔ ትዘን።»

እንዲህ ያለ ቁጣ ይዞኝ አያውቅም። መንገዱን ተሻግሬ ዕቃውን ባለሱቁ ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት። «ሲሚንቶ ነው የምትሸጠው!» አልኩት። «እኔ ከአዲስ አበባ ተቀብዬ እሸጣለሁ፤ አልፈበረክሁትም» አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ። ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ፤ ደረሰኝ ካልያዝኩ አቤቱታ እንደማይቀበሉ ነገሩኝ። ገሳይ ያለ ገበሬ ከየት ደረሰኝ ያመጣል? ማን ቆርጦ ሰጥቶት?

የቀረው በእጄ ያለው ነገር ነበር። ለእንዲህ ያለ ቤት የምመርጠው ሬዲዮ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከመኪና የወጣ። ሰው ሲሰማ ይገርመዋል። የመኪና ሬዲዮ ግን ተራራና ገደል እየዞረ ጣቢያ እንዳይለቅ ተብሎ የተሠራ ነው። ጥሩው ከደካማ ድምፅ ውስጥም ቃሉን ለይቶ ያወጣል፤ ከሶላር ባትሪ ጋር ደግሞ በቀጥታ ይስማማል፤ ጀርባውም ላይ የአንቴና መሰኪያ አለው። ከአንድ የተጋጨ ሚኒባስ የወጣ አንድ ነበረኝ፤ በእንጨት ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። አንቴናውን ከአሉሚኒየም ቧንቧ ሠራሁ። መካከል ላይ ገመዱ የሚታሰርበት፣ ሁለቱ ክንዶቹ ተደምረው ከአንድ ሜትር ተኩል ትንሽ የሚያንሱ ዘንግ ነው። ከኋላው ረዘም ያለ፣ ከፊቱ አጠር ያለ ሌላ ዘንግ አለ። እንዲህ ያለው አንቴና ፊቱን ካዞራችሁበት ይሰበስባል፤ ከጀርባው የሚመጣውን ያዳክማል።

መጀመሪያ የሄድኩት ብቻዬን ነው። ቤቱ ከሸለቆው ወለል ላይ ነው፤ በምዕራብ፣ በባሕር ዳር በኩል፣ ጋራ ተደቅኖበታል። እትዬ የሺ፣ የሙሉቀን እናት፣ አልጋቸው በር አጠገብ ተጠግቶላቸው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ የታጠበ ነጠላ ለብሰው ጠበቁኝ። ሰርግ ቤት የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። አያ አስማረ ረጅም አጣና አዘጋጅተዋል። አቆምን፣ አሰርን፣ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ ወደ ባሕር ዳር አነጣጠርኩ። ሹሹታ። ዝቅ አደረግሁ፣ ከፍ አደረግሁ። የሰው ድምፅ የመሰለ ነገር ከሩቅ ይመጣና ይጠፋል። ልጁ የሚናገርበት ሰዓት እያለፈ ነው። ወዲያው ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ፤ ነጎድጓዱ ጉና ላይ ሲያንጓጓ አሉሚኒየም ይዞ ከፍታ ላይ መቆም አይቻልም። ወረድኩ።

እትዬ የሺ እርጥብ ልብሴን እያዩ «ልጄ ዛሬ አልተናገረም ማለት ነው?» አሉኝ።

«ተናግሯል፣ እትዬ። እዚህ ነው ያልደረሰው።»

«ገሳይ ግን ደርሷል» አሉ። ነጠላቸውን አውልቀው አጠፉት። እኔ ገመዴን ጠቅልዬ ወጣሁ። በሙያዬ ብዙ ያልተጠገነ ሬዲዮ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ባዶ እጄን የወጣሁበት ቤት የለም። ገሳይ ድረስ ጭቃውን ስረግጥ ባለሱቁን፣ ጋራውን፣ ልጁን፣ ሁሉንም እየረገምኩ ነበር።

ለጋሽ መኮንን ነገርኳቸው። ስለ ጋራው ጠየቁኝ፣ ስለ ወንዙ ጠየቁኝ። «ከቤቱ በስተምሥራቅስ ምን አለ?» አሉ።

«ጉና ነዋ። ገደል።»

«እኔም እመጣለሁ» አሉ።

አውቶቡስ እስከ ገሳይ፣ ከዚያ በበቅሎ ወረድን። ዓይናቸው መሬቱን በቅጡ አያይም፤ አያ አስማረ በቅሎዋን ይስቡላቸዋል። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የጆሮ ማዳመጫውን ከሬዲዮው ላይ በረጅም ገመድ ሰጠኋቸውና መሰላሉን ወጣሁ።

«አዙሪ» አሉኝ። ከባሕር ዳር አነሣሁት። አንድ ጣት። እጄን አነሣሁ። «አዙሪ።» ወደ ሰሜን ዞረ። «አዙሪ።»

«ከዚህ በላይ ወዴት ላዙር? ጉና እኮ ነው ፊት ለፊቴ ያለው!»

«ጉና ምን አደረገሽ? አዙሪ!»

የአንቴናው ጀርባ ሙሉ በሙሉ ለባሕር ዳር ሆነ። ፊቱ ገደሉን ያያል። ትልቁን ድንጋያማ ገጽ ሲያልፍ ጋሽ መኮንን እጃቸውን አነሡ። «መልሺ። ጥቂት። አሁን ውረጂና ራቂ!»

ወርጄ ራቅሁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አያ አስማረ ትንፋሻቸውን ይዘው እሳቸውን እሳቸውን ያያሉ።

«ይተነፍሳል» አሉ ጋሽ መኮንን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባሕር ዳር የመጣው ሞገድ በጋራው አናት አልፎ፣ ቤቱን ዘሎ፣ ጉና ገደል ላይ ይመታል። ከዚያ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ጣቢያውን ከጣቢያው በኩል ስፈልግ፣ እሱ ከኋላዬ ይመጣ ነበር።

የጆሮ ማዳመጫውን ነቀልኩት። የሙሉቀን ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ ጥርት ያለ፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ የሚሰማ። ለአርሶ አደሮች፣ ለአሽከርካሪዎች፣ «ቤታችሁ ላላችሁ እናቶች» ሰላምታ ሰጠ። እትዬ የሺ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ሙሌ» አሉ። «ይህ እኮ ሙሌ ነው!»

ከሰላምታው ቀጥሎ የመጣው ማስታወቂያው ነበር።

«ውድ አድማጮቻችን! ምሰሶ መትከል ቀረ፣ ጣራ መውጣት ቀረ! ሸለቆም ይሁን ተራራ ሥር፣ ጠረጴዛዎ ላይ ብቻ አስቀምጠው ሁሉንም ጣቢያ ጥርት አድርገው ይስሙ!»

ገጥሜ ለአያ አስማረ የመለስኩላቸው ያ ጥቁር ዕቃ መደርደሪያው ላይ ሰማያዊ መብራቱን አብርቶ ተቀምጧል። እትዬ የሺ ወደሱ ዞሩ።

«አስማረ! ሰማህ? ያንተው ዕቃ ነው እኮ! ጊደራችንን በከንቱ ሸጠ እያልኩ ስነዘንዝህ! ልጄ የሚያውቀውን ነው የተናገረ፤ ይኸው ሠራ!»

ፒንሳውን እንደጨበጥኩ በር ላይ ቆሜ ነበር። አፌን ከፈትኩ። አያ አስማረ አዩኝ፤ ሽማግሌ ሰው በዓይኑ እንዲህ ሲለምን አይቼ አላውቅም። ጋሽ መኮንን ክንዴን ይዘው ወደ ግቢ ሳቡኝ። «ዛሬ ይስሙ» አሉኝ። «ቁጣሽን ለባለቤቱ ውሰጂው።»

ወሰድኩት። ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ያንኑ ዕቃ ከባለሱቁ አንድ ገዝቼ ያዝኩ። ሙሉቀንን ከጣቢያው በር ላይ አስጠራሁት። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሸሚዙ ንጹሕ የሆነ ወጣት ነው። ሻይ ቤት ገባን። ዕቃውን ፊቱ ከፈትኩለት፤ ሲሚንቶውን በጣቱ ነካ።

«እኔ የተሰጠኝን ነው የማነበው፣ እትዬ ዘሐራ።»

«አባትህ አንተን አምነው ጊደር ሸጡ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። አላወቀም ነበር። «ለምን አልነገረኝም?» አለ።

«እንዳያሳፍሩህ ነዋ!»

ከዚያ እሱም ተቆጣ። «ምን ላድርግ? እኔ ብተው ነገ ሌላው ያነበዋል። አለቃዬን አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ‹አንተ ድምፅ ነህ፣ መሐንዲስ አይደለህም› አለኝ። የቤት ኪራይ እርስዎ ይከፍሉልኛል? ለእናቴ መድኃኒት የምልከው ከዚሁ ነው።»

ቁጣዬ ግን አልበረደም። «እናትህ አሁን ይሰሙሃል» አልኩት። «በየቀኑ። እሳቸው እየሰሙህ አንብበው።» ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ በሰዓቱ ሱቄ ውስጥ እከፍተው ነበር። ለተወሰነ ጊዜ እንደ ወትሮው አነበበው። እኔም እንደ ወትሮው ሰደብኩት። አንድ ቀን ግን «ውድ አድማጮቻችን» ብሎ ቆመ። ወረቀት ሲያስቀምጥ ተሰማ። ትንፋሹ ተሰማ።

«ይህን ዕቃ አባቴ ገዝቶት ነበር» አለ። «አይሠራም። እናቴ እየሰማችኝ ስለሆነ ነው የምናገረው። አይሠራም፣ አትግዙት።»

ዘፈን ገባ። ዘፈኑ ሲያልቅ የሌላ ሰው ድምፅ መጣ። ሙሉቀን ወደዚያ ጣቢያ አልተመለሰም። ብዙም ሳይቆይ ማስታወቂያው በሴት ድምፅ ቀጠለ፤ ባለሱቁም አዲስ ካርቶን ደረደረ። ሰውም ይገዛል! ከሱቁ ወጥቶ ቀጥታ እኔ ጋ «አስተካክይልኝ» ብሎ የሚመጣም ነበር። ጋሽ መኮንን ዐረፉ። ጉልበቴም መሰላል እንቢ አለ። ሲሚንቶ ስከፍት መዋል ሰለቸኝና ሱቄን ዘጋሁ።

ከዘጋሁ በኋላ አያ አስማረ ቤት ሄድኩ። ብዙ ፈርቼ ነው የሄድኩት። እትዬ የሺ እንደ ድሮው በር አጠገብ ናቸው፤ ሬዲዮው ተዘግቷል። ጥቁሩ ዕቃ መደርደሪያው ላይ የለም።

«ሄደሽ የነገርሽው አንቺ ነሽ አሉ» አሉኝ፣ ሰላም ሳይሉኝ።

«አዎ። እኔ ነኝ።»

«ልጄን ከሥራው ያስወጣሽው አንቺ ነሽ።»

«ያስወጡትስ እነሱ ናቸው!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። አያ አስማረ ከበር ውጭ ሳል ሳል አሉ።

እትዬ የሺ ወደ ተዘጋው ሬዲዮ ዞሩ። «ጥርት ብሎ ነው የሰማሁት» አሉ። «‹እናቴ እየሰማችኝ› ሲል ጎኔ የተቀመጠ መሰለኝ። አሁን ባሕር ዳር የሰው ባጃጅ ይነዳል። ጎንደር ላለ ጣቢያ ደግሞ ማመልከቻ አስገብቻለሁ ብሎኛል።»

«ይሳካለት፣ እትዬ።»

«ጎንደር በየት በኩል ነው?»

በእጄ ወደ ሰሜን ምዕራብ አሳየኋቸው። እዚያም ጋራ ቆሟል።

«እንግዲያ እሱ ሲገባ መጥተሽ ያን እንጨት ታዞሪልኛለሽ» አሉ። ልመና አልነበረም።

«ጉልበቴ እኮ፣ እትዬ…»

«መሰላሉን አስማረ ይይዝልሻል። አሁን ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ።